የጊዮርጊስ ፈረስ ዱካ እርከን ስለ መሆኑ

ለክቡር አቶ እንዳልካቸው
የቀበሌያችን የተፋሰስ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የሞተር ብስክሌትዎም ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከወረታ ወጣ ብላ ባለችው ትምህርት ቤታችን ጂኦግራፊ የማስተምረው፣ ከሌላ ዞን መጥቼ ስምንት ዓመት የፎገራን ትንኝ የቀለብሁት መምህር ንብረት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ድንጋዩ ነው።

የትኛው ድንጋይ እንዳይሉኝ፣ ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር፣ ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ወለተ ሐና አፈር ከምትቆፍርበት በላይ የተዘረጋውን ንጣፍ ማለቴ ነው። ድሮ ሐይቁ እስከዚያ በሚደርስበት ዘመን ጭቃው ላይ ጉማሬ ተራምዷል፣ ወፍ ለቅሟል፣ ትል ተሽሎክሉኳል። ጭቃው ድንጋይ ሆነ፤ እነሱ አለፉ፣ መንገዳቸው ቀረ። አጥንት ቢሆን የሞታቸው ምስክር ነበር፤ ዱካው ግን የአንድ ቀን ውሏቸው ምስክር ነው። እንዲህ ያለ ሀብት ሣር አይበላ፣ ውኃ አይጠጣ፣ እንግዳ አይቶት ቢሄድ አያልቅ፤ ለልጅ ልጅም ይተርፋል። ስለዚህ ምስጋናዬን በዝርዝር አቀርባለሁ።

1ኛ. ባለፈው ዓመት ዘመቻ የንጣፉን ግማሽ አስፈልጠው ለእርከን ስላዋሉልን አመሰግናለሁ። የዘመናት ጎርፍ ያልደፈረውን ዱካ ጎርፍ ለመከላከል መፍለጥ የማንም ጭንቅላት የሚደርስበት ሐሳብ አይደለም። ቀበሌያችንም የተጣለበትን ሜትር ቀድሞ አሟልቶ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል፤ ወረቀቱ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በጥንቃቄ ተጠብቆ ይገኛል።

2ኛ. በዚያው ወር ወደ ላይ በላኩት ሪፖርት “ለቱሪስት መስህብነት የሚውል ቅርስ ተለይቶ ጥበቃ እየተደረገለት ነው” በማለትዎ ብዕርዎን አደንቃለሁ።

3ኛ. ወይዘሮ ወለተ ሐና እርጥብ ሸክላ በዱካው ላይ እየተጫነች፣ የወፍ እግር የታተመባቸውን ትናንሽ ሳህኖች ተኩሳ ከሐሙሲት መንገድ ለሚመጡ እንግዶች ታቀርብ ነበር። በእጅ ሥራዋ የተነሣ ዓይኗን ይፈሩ የነበሩ ጎረቤቶቿ እንኳ ሴት ልጆቻቸውን ለሙያ መስደድ ጀምረው ነበር። እርስዎ ግን በአንድ ለአምስት አልተደራጀችም ብለው ከቦታው አገዷት። ልጆቹ ቀሩ፤ ፍርሃቱም ተመለሰ። ይህን ምስጋና ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ስለሰረዝሁት፣ እባክዎ በዚሁ ይቀበሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ዋናው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። አባቶች ዱካውን የጊዮርጊስ ፈረስ የረገጠው ነው ስለሚሉ፣ በየወሩ በሃያ ሦስት ዳሩን ተሳልመው ያልፉ ነበር እንጂ ጠጠር እንኳ የሚያነሣለት አልነበረም። እኔ ዕውቀት የተትረፈረፈኝ ሰው፣ ሽማግሌዎችን ሰብስቤ ባለ አራት ጣት ነውና ፈረስ ሳይሆን ጉማሬ ነው ብዬ አስረዳሁ። በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። በሳምንቱ የልማት ቡድን መሪው አቶ ቢሻው “የጊዮርጊስ ካልሆነማ ምን ያስፈራናል?” ብለው መዶሻ ይዘው ወጡ። እኔ እስክደርስ ግማሹ ተፈልጦ ነበር፤ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አሁን በቀረው ግማሽ ላይ የኖራ ምልክት ተደርጎበታል፤ ዘመቻው በመጪው ሰኞ ይጀመራል። ዱካውን መርምረው የሚመዘግቡት ምሁር ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ደግሞ በየካቲት ነው። ከዳገቱ ኋላ የተበተነ ድንጋይ ሞልቷል፤ ጥፋቱ ሸክም መፈለጉ ብቻ ነው። ይህን ግማሽ ይተውልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

እርከንዎን በረገጥሁ ቁጥር ጉማሬውን እያሰብሁ ይቅርታ የምጠይቅ፣
ታዛዥዎ መምህር ንብረት
ወረታ፣ ጥር 2005 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መዶሻው ከልመናዬ ቀድሞ እንዳይደርስ ሰግቼ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረ ኪዳንን አስፈቅጄ በሕዝብ ፊት ቆምሁ፤ ተሳስቻለሁ፣ ዱካው የጊዮርጊስ ፈረስ ነው አልሁ። ለአንድ መምህር ይህ ምን ያህል እንደሚመር ለእርስዎ አላስረዳም። ፈረሱ ስለ ምን አራት ጣት እንዳለው የጠየቀኝ አልተገኘም። አቶ ቢሻው ከሁሉም ቀድመው ተሳለሙት፤ መዶሻውንም ሰኞ ጠዋት እርስዎ ራስዎ እንዲያነሡት ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጠውልዎታል።