ሰይድን የጠራሁት እኔ ነኝ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ጧት 12:40

ሚኒባስ ውስጥ። ከየካ አባዶ ወደ ጉርድ ሾላ፣ ወደምሠራበት ጨርቅ ሱቅ። ባሌ ሰይድ ከታሰረ ሁለት ወር። ድሮ አብረን ስንሳፈር መስኮቱን ለኔ ይለቅና ትከሻዬ ላይ ያንቀላፋ ነበር። ዛሬ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያንቀላፋ ፊቴን አዞርኩ።

ኅዳር 5፣ ኀሙስ

ሠራዊቱ ለሰይድ ካቆመለት ጠበቃ ጋር ቦሌ ተገናኘን። መቶ አለቃ ነው፣ ትሑት ሰው። ክሱ ከግንባር መኮብለል። ሰይድ ለምን እንደመጣ አልናገርም ብሏል።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልንገርህ። በአምስት ወሬ ፅንሱ ወረደብኝ። ከሐኪም ቤት ደወልኩለት። “ና” አልኩት፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆሞ አየሁት። አራት ቀን አስታመመኝ፤ ሾርባ እንኳ ሠራልኝ፣ ጨው የበዛበት። ሊመለስ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ ያዙት።

ጠበቃው መስክሪ ይለኛል። ሰይድ ግን እንዲህ ብሎታል፦ “ሚስቴን ወንዶች ፊት አቁሜ ስለ ደሟ አላስጠይቅም።”

ኅዳር 8፣ እሑድ

እናቱ ደሴ ናቸው። ስለ ፅንሱ አልነገርናቸውም ነበር። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ብዬ ደውዬ ፅንሱንም ምስክርነቱንም ነገርኳቸው።

“እኔም ሁለት ወርዶብኛል” አሉ። “ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንቺ ሂጂና ተናገሪ ልጄ።”

ኅዳር 12፣ ኀሙስ

መሰከርኩ። ሰይድ ከስቷል፤ የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል። ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀኝ፦ ሚስቱ የታመመችበት ወታደር ሁሉ ጥሎ ቢመጣ ግንባሩን ማን ይይዛል? እውነቱን ነው። የጠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሰይድ መሬት መሬቱን ያያል። አንዴ ቀና ቢልልኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ያንቺ ቃል ባይኖር ይብስ ነበር አለኝ ጠበቃው።

ጥቂት ደቂቃ ፈቀዱልን። መካከላችን ጠረጴዛ። ጣቶቹን አያለሁ፣ መንካት አይቻልም። ገና ወጣት ነሽ፣ ልፍታሽና ኑሮሽን ኑሪ አለኝ። አጥንቶ የመጣው ነገር ነው፣ ያስታውቃል። እምቢ አልኩ። ደግሞ ጀመረ። እምቢ አልኩ። ከዚያ አለቀሰ፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

የጠያቂ ቀን ቅዳሜ ነው። ከፍርድ ቤቱ በቀጥታ ሱቅ ሄጄ ለአሠሪዬ ነገርኳት። ቅዳሜን ለቃልኝ እሑድ ልገባላት ተስማማን። ከእንግዲህ ቅዳሜ የሰይድ ነው።