ስለ ተመረቀው የፍሳሽ ገንዳ

ለተከበሩ የንጽሕና ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ሹም
አቃቂ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከሐዲዱ ማዶ ያለነው፣ ተቅማጥ የያዛቸውን ሳንቆጥር፣ ደህና ነን፤ እርስዎንም ፈጣሪ ከምንጫችን ይጠብቅልን።

በቅድሚያ በየካቲት ወር ስለመረቁልን የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ የመንደሩን ምስጋና አቀርባለሁ። ከላይ ካለው የሠራተኞች ሰፈር የሚወርደው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የምንጠጣው ምንጭ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲጣራበት የተሠራ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ እዚህ በንጽሕና ባለሙያነት ስመደብ እንዲህ ያለ ያማረ ገንዳ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጉድለቱ ትንሽ ነው፤ ፍሳሹ አይገባበትም። ስለዚህ በትሕትና የሚከተለውን አመለክታለሁ።

፩ኛ. ፍሳሹን ወደ ገንዳው የሚያመጣው ቧንቧ በባቡር መጥቶ አቃቂ ጣቢያ ከወረደ አራት ወር ሆነው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አቶ አሻግሬ፣ «አንተ ልጅ፣ አንዲት ፊርማ አምጣልኝና ከፈለግህ በትከሻህ ተሸክመህ ሂድ» ብለውኛል። ፊርማዋ የእርስዎ ናት። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ጸሐፊዎን ብጠይቃት፣ ስለ ገንዳው መልካም ውጤት ነው አለችኝ። እኛ ግን ሥራ ፈትተን አልተቀመጥንም፤ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር የቧንቧውን ቦይ በሁለት እሑድ ቆፍረን ጨርሰናል።

፪ኛ. በምረቃው ዕለት ባዶ ገንዳ እንግዶችዎን እንዳያሳፍር በባቡር ፉርጎ ንጹሕ ውኃ አስመጥተው እስከ አፉ አስሞሉት። ለዚህ ቸርነትዎ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል፤ የእንግዶቹ መኪኖች ሳሪስ ሳይደርሱ የመንደሩ ሴቶች እንስራ ይዘው ገንዳው ዳር ተሰልፈው ነበርና። ዘበኛው አቶ ጉተማ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይሄ እኮ የሽንት ቤት ነው» እያሉ ሊያባርሯቸው ቢሞክሩ፣ ወይዘሮ ዲንቄ «የሽንት ቤቱንማ እስከ ዛሬ ስንጠጣው ኖረናል ጋሼ ጉተማ፤ ዛሬ እንኳ ውኃ እንቅዳበት» አሏቸው። በሦስተኛው ቀን አቶ ጉተማም የራሳቸውን ጀሪካን ይዘው መጡ።

፫ኛ. ወይዘሮ ዲንቄ ባለፈው ክረምት የምንጩን ውኃ የጠጣች ልጃቸውን ቀብረዋል። የቀራቸው የሦስት ዓመቱ ሮሪሳ ከየካቲት ወዲህ አንድም ቀን ሆዱን አልታመመም። እኔ ውኃውን እያፈላችሁ ጠጡ ከማለት በቀር የረዳሁት ነገር የለም፤ ልጁን ያቆየው የእርስዎ ምረቃ ነው። ይሁን እንጂ ትናንት የገንዳውን ውኃ በዘንግ ብለካው የቀረው ሁለት ስንዝር ነው። ሲያልቅ ሮሪሳ ወደ ምንጩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ከላይ ያለውን ሁሉ አጥቦ እዚያው ያወርደዋል።

እንግዲህ ሰኔ ሳይገባ ፊርማዋን እንለምናለን። እርሷ ከከበደችዎ ሌላ ምረቃ ያዘጋጁልን፤ ፉርጎው ይምጣ እንጂ ለማጨብጨቡ አናንስም።

ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም እንዲያደርስዎ ዘወትር የምመኝ፣ ታዛዥዎ
ቀናው ሳህሌ፣ የንጽሕና ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገንዳው ለስድሳ ሦስት አባወራ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን እንዳረጋግጥ የላኩልኝን ቅጽ ፈርሜ መልሻለሁ። «የአገልግሎቱ ዓይነት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ግን መዋሸት አልሆነልኝም፤ «የመጠጥ ውኃ» ብዬ ሞልቼዋለሁ።