አባሮሽ በአባ ይኄይስ ደጅ

ሰኞ፣ ግንቦት 3
ከትምህርት ቤት መልስ ከሕንፃችን ሥር አባሮሽ። እዚህ በዕብራይስጥ ቶፌሴት ይሉታል፤ ያው አባሮሽ ነው። ከክፍላችን በሩጫ እኔን የሚቀድም የለም! ዮሲ ግን ያዘኝ። ለምን? መግቢያው አግዳሚ ላይ አባ ይኄይስ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው... ቆምኩ፣ ጎንበስ አልኩ። "እንዴት ዋሉ አባ?" የሳቸው ሰላምታ ደግሞ መች ያልቃል? "እናትሽ ደህና ናት? አባትሽስ? ሕፃኑስ?" ሕፃኑ ላይ ሲደርሱ ዮሲ ጀርባዬን ጧ!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4
ዛሬም ሕፃኑ ላይ ሲደርሱ... ጧ። ዮሲ፣ "ነገም ከቆምሽ አናጫውትሽም። መሮጥ አትችይም።" መሮጥ አትችይም! እኔን! አንጀቴ አረረ።
ለእማዬ ነገርኳት። "ሽማግሌ ሳትሳለሚ ብታልፊ፣ ወዮልሽ!" አለቀ። ምን ይሻለኛል?

ረቡዕ፣ ግንቦት 5
ዘዴ መጣልኝ። እየሮጥኩ ሰላም ማለት! አንገቴን ደፍቼ "እንዴት ዋሉ አባ!" ብዬ ሽው...
አባ ይኄይስ ብድግ! "ማነው ልጄን የሚያሳድዳት?" ከዘራቸውን አነሱ። ዮሲ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከጀርባቸው ተሸሽጌ በሳቅ ልሞት።
"አባ፣ ጨዋታ እኮ ነው!"
"ጨዋታ ከሆነ ምን ያሸሽሻል?"
አጠገባቸው ተቀምጬ አስረዳኋቸው። አባራሪው ይነካል፣ "ታፋስቲ" ይላል፣ ያዝኩህ ማለት ነው። የተነካው ደግሞ በተራው ያባርራል። "እህ..." አሉ። ገባቸው ይሆን? እዚህ አገር ከመጡ "ሻሎም" እንኳ ብለው አያውቁም።
አብራን የምትጫወተው ሊያት ፈረደች፤ "እሳቸውን ሰላም እያለ የቆመ አይያዝም። ሁላችንም!" ዮሲ አጉረመረመ፣ ግን እሺ አለ። ተመስገን፣ እጫወታለሁ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 6
ልጁ ሁሉ ጨዋ ሆኖ አረፈው። ሊያት "ኤንዴት ዋሉ" ትላለች፤ ጎንበስ ስትል ፀጉሯ መሬት ይጠርጋል።

እሑድ፣ ግንቦት 9
ኧረ ጉድ! ከሳቅ ብዛት ሆዴን እስካሁን ያመኛል።
ሊያት ዮሲን አባረረችው። በሮ አባ ይኄይስ ዘንድ። ጎንበስ፣ "ኤንዴት ዋሉ አባ።" ከዚያ ዞሮ ሊያት ላይ ምላሱን አወጣ። አባም በአማርኛ፣ "እናትህ ደህና ናት? አባትህስ?" ዮሲ ምንም ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። "ሕፃኑስ?" አሉና ቀስ ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ...
"ታፋስቲ!"
በዕብራይስጥ! አባ ይኄይስ! እሳቸው እንደ ልጅ ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ለካ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው መጫወት አምሯቸው ኖሯል?
ሊያት እንደገና ፈረደች፤ ነገ አባራሪው እሳቸው ናቸው።
እና ነገ ሳያቸው... ልቁም ወይስ ልሩጥ?