አምስት ሰው ካልተጻፈ የማያሳልፈው መጠይቅ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

የኔ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ልደውልልሽ ነበር፤ ግን ገና ድምፄን ስትሰሚ “እማ፣ ምን ሆነሻል?” ትያለሽና መጻፉን መረጥኩ።

ለጥናትሽ የላክሽውን የኢንተርኔት መጠይቅ ለሰፈሩ አዳርሼልሻለሁ። አሥራ አንድ ሰው! መነጽሩን የረሳውም፣ ስልክ ላይ መጻፍ የታከተውም እኔ ጋ እየመጣ፣ እነሱ ሲናገሩ እኔ ስጽፍ ሰነበትኩ። “ችግር ሲገጥምዎ የሚያማክሯቸውን አምስት ሰዎች ይጻፉ” የሚለውን ሳነብላት፣ ልብስ ሰፊዋ “ባሌን ካላስገባሁት ያውቃል እንዴ?” አትለኝም! ከኔ በቀር ማንም አያየውም ብላት፣ ወዲያው አስወጥታ ፀጉር አስተካካዩን ተካችበት። ይኸው ነገርኩሽ፤ አፌ መቼ ያርፋል።

ብቻ ልጄ፣ ሁሉንም በእጄ ስጽፍ አንድ ነገር አየሁ። አሥራ አንድ ሰው፣ ሃምሳ አምስት ስም፤ የኔ ግን የለም። ጠዋት ማታ ደጄ ላይ ሲያወሩ የሚውሉት እኮ ናቸው! እንደ ቀልድ አድርጌ “እኔንስ?” ብላት፣ ልብስ ሰፊዋ “ውይ ሬዲዮ! ላንቺ ምስጢር ነግሮ ማን እንቅልፍ ይወስደዋል?” ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው።

ከዚያ የራሴን ሞላሁ። አንደኛ አንቺን። “በምን ያህል ጊዜ ይነጋገራሉ?” ሲለኝ “በየቀኑ” የሚለውን ነካሁት። ሁለተኛ አባትሽን፤ ዕድሜውን ሲጠይቀኝ ያረፈበትን ጻፍኩ። የቀሩትን ሦስቱን ከእነዚያው እኔን ካልጻፉኝ ሰዎች አሟላሁ።

መጨረሻ ላይ “ሐኪም ቤት መሄድ ቢኖርብዎ ማን አብሮዎት ይሄዳል?” አለኝ። ባዶውን ላልፈው ብል “ይህ ጥያቄ የግድ መመለስ አለበት” ብሎ በቀይ ከለከለኝ። ሦስቴ ሞከርኩ። እንዲህ አድርገሽ የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል? የኔ ጎበዝ። በመጨረሻ ያንቺን ስም ጻፍኩና አሳለፈኝ።

ስለዚህ የኔን ሰርዢው። ጥናትሽ ተበላሽቶ አለቃሽ እንዳይቆጣሽ። የአሥራ አንዱ እውነት ነው፣ የአሥራ ሁለተኛዋ ውሸት ነው።

ሐኪሙም እንደ መጠይቅሽ ነገረኛ ነው። ሐሙስ የምርመራውን ውጤት ልሰማ ስመጣ “ሰው ይዘው ይምጡ” አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለካ ሬዲዮም ዝም ማለት ትችላለች። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሐሙስ አልፏል፤ እንዳትጨነቂ።

የምታማክሪው ሰው አያሳጣሽ ልጄ። አምስት ባይሞላም፣ አንድ።

እናትሽ ሬዲዮ