የማልረከበው ቤት

አዲስ አበባ፣ መስከረም 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ካሳዬ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ፈቃዱን ጨርሶ አስመራ ወዳለው ጦራችሁ ለሚመለሰው ጓደኛህ ለሙክታር በእጁ ሰጠሁት። አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይለይም ቃል አስገብቼዋለሁ። ምን እንዳለበት ያውቃል። መጀመሪያ «እንዲህ ያለ ነገር አልሸከምም» ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ሁሉንም ስነግረው ተቀበለኝና ኪሱ ከተተው።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ ታውቀኛለህ። እናትህ እማማ ውባንቺ አርፈዋል። ነሐሴ 12 ቀን፣ በዕጣ በደረሰን አዲሱ ቤት ውስጥ፣ የጓዳው ግድግዳ ወድቆባቸው ነው የሞቱት። የተቀበሩት መድኃኔዓለም ነው።

መርዶ እንዲህ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍህ ሰው ቆሞ ነበር መስማት የነበረብህ። በወረቀት መርዶ የሚልክ ባለጌ ነው ብለውኛል፤ ይበሉኝ። ዝም ብዬ ብጠብቅህ ግን በማታውቀው ነገር እጅህን ታስገባለህ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ይሰበሰባል። አሥራ አራታችንም ከፈረምን ቤቶቹን ተረክበን እንገባለን፤ አንድ ሰው እንቢ ካለ ርክክቡ ይቆማል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፣ በሰጠኸኝ ውክልና። አንተ ደግሞ በመጨረሻው ደብዳቤህ «አሁንም ካልፈረምሽ ውክልናውን ለጸሐፊው ለብርሃኑ አዞረዋለሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። ስለዚህ ነው የምነግርህ።

ገረመውን ሠሪ አድርገን የመረጥንበትን ቀን አንተም ታስታውሰዋለህ፤ እኔ የማስታውሰው ግን አንተ ያላየኸውን ነው። ማኅበሩ «ሥራውን አይተን እንወስን» ሲል፣ ገረመው ራሱ መርጦ ኮተቤ የሠራውን ቤት ሊያሳየን ወሰደን። ወሩ ጥር ነው። ቤቱ ኖራ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ባለቤቱም በግ አርዶ ጠበቀን። እናንተ ወንዶቹ እጃችሁን ታጥባችሁ ማዕድ ቀረባችሁ። ግድግዳውን የመረመራችሁት ጀርባችሁን ተደግፋችሁበት ነው።

እኔን የቤቱ እመቤት ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ትሪ ላግዛት መስሎኝ ገባሁ። ቁም ሳጥኑን በትከሻዋ ገፋ አደረገችውና «እቴ፣ እይውማ» አለችኝ። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል፤ ጋዜጣ ለጥፋበታለች።

«በክረምት ብትመጡ ኖሮ ሳልነግርሽ ታዪው ነበር» አለችኝ። «ሐምሌ ከገባ በሩም አይዘጋልንም። ባሌ ግን አትናገሪ ብሎኛል። ገረመው የአባቱን አስከሬን የተሸከመለት ሰው ነው፣ ምን ብሎ ይክሰሰው?»

ስንመለስ በመንገድ ነገርኩህ። «የሰው ጓዳ ገብተሽ ነውር ስትለቅሚ ዋልሽ?» አልከኝ። ቀጥለህም «አበልጅ አበልጁን ይክዳል እንዴ?» አልክ። ገረመው የልጃችን የየሺ ክርስትና አባት ነው፤ ለአንተ ከዚያ የበለጠ ምስክር አልነበረም።  አሁን ሰው ስለ ቤት ምክር ቢጠይቀኝ የምለው ያን ቀን የተማርኩትን ነው። በነሐሴ ሂድ። ሠሪው ያላሳየህን ቤት ፈልገህ እይ። ባልየው ሲጋብዝህ ሚስትየዋን ጠይቅ። ሠሪው ለቅሶ የደረሰለትን፣ ክርስትና ያነሳለትን ሰው ግን ምስክር አታድርግ፤ አፉ ታስሯል።

የቦሌውን መሬታችንን ታውቀዋለህ፣ ኮትቻ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ተሰንጥቆ ክንድ ያስገባል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የተሸከመውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ተቆፍሮ ጠንካራው ላይ ነው የመሠረት ድንጋይ የሚቀመጠው። ይህን ገረመው ራሱ በስብሰባ ላይ አስረድቶናል። አንተ ወደ አስመራ ከተዛወርክ በኋላ ኅዳር ላይ ቁፋሮው ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አይ ነበር። በእኛ ረድፍ ጉድጓዱ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ታቹ ገና ጥቁር ነው።

«አበልጄ፣ ምነው ቆሙ? አፈሩ እኮ ጥቁር ነው» አልኩት።

«በጠለቀ ቁጥር ድንጋይ ይበላል። ድንጋይ የሚያመላልሰው መኪና ደግሞ ነዳጁ በኮታ ነው። ሲሚንቶውም በኮታ ነው። ይኼ ይበቃዋል።»

«ካልበቃውስ?»

«ምነው አንቺ ሴት! ለክርስትና ልጄ የሚወድቅ ቤት እሠራለሁ?»

ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። ዋሽቶኛል አልልህም። ራሱንም አሳምኖት ነበር መሰለኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የምፈራው።

ሐምሌ ላይ ልስኑን በቁልፌ ጫፍ ስጭረው እንደ በሶ ረገፈ። በሩ ከተገጠመ ብዙም ሳይቆይ ወለሉን ይፍቅ ጀመር፤ ከጓዳው ጥግም ቀጭን ስንጥቅ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። «አልፈርምም» ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በእልህ መስሎህ ነበር። ስንጥቁን አይቼ ነው።

እማማ ይህን ሲሰሙ አዘኑብኝ።

«ምነው አፀደ! አበልጅ ማለት እኮ ሥጋ ነው። ልጅሽን የታቀፈ ሰው በአገር ፊት ታዋርጃለሽ?»

«እማማ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳው ነው፤ እኔ ምን አደረግኋቸው?»

«ሰው ያልገባበት ቤት ይሰነጠቃል። ቤት ሰው ይፈልጋል። ዘንድሮ ፍልሰታን እዚያው ገብቼ ሱባኤ እይዛለሁ፤ ያን ጊዜ አፍሽን ትይዣለሽ።»

በየዓመቱ ሱባኤ የሚይዙት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ባሉት ጎጆዎች እንደነበር ታውቃለህ። ዘንድሮ ግን ሰሌናቸውን፣ መቁጠሪያቸውንና ሽምብራቸውን ይዘው ወደ አዲሱ ቤት ገቡ። ገረመው ቁልፉን በእጁ ሰጣቸው፣ ጉልበታቸውን ስሞ። እሳቸውም መረቁት። ወሬው በአንድ ቀን ለአባላቱ ሁሉ ደረሰ፤ «የካሳዬ እናት ገብተውበት ምራቲቱ ምን ሆንኩ ትላለች?» ተባለ። ላስወጣቸው ሄጄ ከደጃፉ መለሱኝ። «ሱባኤ የያዘ ሰው አይታወክም» ብለው ሊዘጉብኝ ሲሉ በሩ አልዘጋ አላቸው። ከውስጥ በድንጋይ አስደገፉት። ድንጋዩን ሲጎትቱ እየሰማሁ ደጅ ቆሜ ነበር፤ ገፍቼ መግባት አልቻልኩም፣ እናትህ ናቸው።

ያረፉ ዕለት ከቅዳሴ ተመልሰው ጓዳ ገብተው ሽምብራቸውን ይዘፈዝፉ ነበር። ያ የምታውቀው የቦሌ ዝናብ ወረደ፤ ጎርፉ የግድግዳውን ሥር ይዞ ሄደ። የግቢው ዘበኛ ሱልጣን እንደሚለው ድምፁ ትልቅ አልነበረም፣ ጆንያ እህል ከትከሻ ሲወርድ የሚሰማውን ያህል ነው። ሮጦ ሲደርስ ግድግዳው ሙሉውን ተኝቷል። ብሎኬቱን ሲያነሳው አንዱ ከአንዱ የተያያዘ አልነበረም፤ አንድ በአንድ እየለቀመ ነው ያወጣቸው። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔ ስደርስ በነጠላቸው ሸፍነዋቸው ነበር። ተሰቃይተው ይሆን ብለህ ታስባለህ። ወዲያው ነው ብሎኛል ሱልጣን። እኔን ለማጽናናት ይሁን አላውቅም፤ አምኜዋለሁ፣ አንተም እመነው።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ የተናገረው አንድ ነገር ነው። «በፍልሰታ! በሱባኤያቸው ላይ! ምንኛ የታደሉ ናቸው!» እመቤታችን ራሷ ጠራቻቸው ተባለ። እኔም እመቤታችን ተቀብላቸዋለች ብዬ አምናለሁ። ሲሚንቶውን የቀነሰችው ግን እሷ አይደለችም! ሞታቸውን አሳምረው አሳምረው ግድግዳውን ረሱት። ገረመው ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። ሰውም ከቦ አጽናናው። ከሰልስት በኋላ ግን ግድግዳውን መልሶ አቆመ፣ ለሰነ፣ ኖራ ቀባ። አሁን ብትመጣ የቱ ጋ እንደወደቀ አትለየውም። መሠረቱን አልነካውም።

ብዙም ሳይቆይ የማኅበራችን ጸሐፊ ብርሃኑ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ።

«አፀደ፣ እግዜር ያጥናሽ። ካሳዬን ግን እንዳታረጂው። ጦር ሜዳ ያለ ሰው ነው፤ በዚህ ሐዘን ላይ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም። ፈቃድ ወጥቶ ሲመጣ በወጉ እናረዳዋለን።»

«እሺ» አልኩ። እስከዚህ ድረስ እውነት አላቸው ብዬ ነበር።

«ርክክቡ ግን አይጠብቅም» አለ። «እኔ ከነልጆቼ አማቴ ቤት በአንድ ክፍል ነው የማድረው። ሌላው ከእኔ የባሰ ነው። ለአንድ ግድግዳ ብለሽ ሁላችንን ትይዥናለሽ?»

«ግድግዳው ሰው ገደለ እኮ፣ አቶ ብርሃኑ!»

«ተሠራ አይደል? ከዚህ በላይ ገረመው ምን ያድርግ?»

 ብርሃኑ ክፉ ሰው አይደለም፣ ካሳዬ። ሁሉም ደክሟቸዋል። ስንት ዘመን ቤት ቤት ሲሉ ኖረው አሁን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ማንም ከዚያ ተመለስ ሲሉት ደስ አይለውም። እኔም ይህች የቀበሌ ቤት ጣሪያዋ እላዬ ላይ እያፈሰሰ ነው የምጽፍልህ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያንተ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ብርሃኑ ሁሉንም ጽፎልኛል» ትላለህ። «እማዬ ራሷ ገብታበት አይታዋለች። ቤቱ ደህና ነው፣ አፀደ ትፈርም ብላለች። የእናቴን ቃል አትለፊ» ትላለህ።

ካሳዬ፣ ብርሃኑ ያንን የጻፈልህ እናትህ ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ደብዳቤህን ይዤ በቀጥታ ወደ አማቱ ቤት ሄድኩ። ሚስቱና ልጆቹ ባሉበት አነበብኩለት። አልካደም።

«ታዲያ ምን ልበለው? እናቴ እንዴት ናት ብሎ ይጠይቃል፤ ደህና ናቸው ማለት ነበረብኝ። ደህና ናቸው ካልኩ ደግሞ አንድ ነገር መናገር አለባቸው። በሕይወት ቢኖሩ ይህንኑ አይሉም ነበር?»

 ይሉ ነበር! በሕይወት ቢኖሩ «ፈርሚ» ነበር የሚሉኝ፤ ገረመውን ይወዱታል። ያ ፍቅራቸው ነው ግድግዳው ሥር ያስቀመጣቸው። አሁን ደግሞ ከመቃብር አውጥተው ያስመሰክሯቸዋል። ተነስቼ ስወጣ የብርሃኑ ሚስት እስከ ውጭ በር ተከትላኝ መጣች፤ እጄን ያዝ አድርጋ ተመለሰች።

ከጎናችን ያለው ቤት ለጥሩነሽ ነው የደረሰው፤ ለዚያች የጤና ጣቢያ ነርስ። ኅዳር ላይ ትወልዳለች። የሕፃኑን አልጋ በጓዳው ግድግዳ በኩል አስጠግታ ልታደርግ ነው፤ እዚያ ከሰዓት ፀሐይ ስለሚያርፍበት ይሞቃል ብላኛለች። የሷም የእኛም መሠረት የተቆፈረው በአንድ ጊዜ ነው፤ ጉልበቴ ጋ ነው የቆመው። ብነግራት «ሐዘኑ ነው፣ አይዞሽ» ብላ ሳመችኝ። የሚሰማኝ ሁሉ እንዲሁ ነው። ምራት ስለ አማቷ ስትቆረቆር ማን ያምናታል? ከአበልጇ ጋር የቆየ ቂም አላት ነው የሚባለው።

አሁን አልቅስ፣ ካሳዬ። ሙክታር አጠገብህ አለ፤ አትፈር። ገረመውን የመረጥኩት እኔ ነኝ እያልክ ራስህን እንዳትበላ። በአንተ ተናድጄ ነበር፣ ብዙ ቀን ተናድጄብህ ነበር፤ ቀብሩ ላይ ግን ቦታህ ባዶ ሆኖ ሳየው ናፍቆትህ ብቻ ቀረኝ። እማማ እስከ መጨረሻው ስምህን ይጠሩ ነበር፤ በየጸሎታቸው። ይህ እውነት ነው፣ ማንም አልፈጠረልህም።

ሲወጣልህ ወረቀት አንሳ። ለእኔ መልስ አትጻፍ፤ ለማኅበሩ ጻፍና በሚመጣ ሰው ላክልኝ። እኔ ደብዳቤህ ቢደርስም ባይደርስም አልፈርምም፤ ውክልናውን ከወሰድክብኝ ግን የምይዘው ነገር የለኝም። ከደረሰኝ ስብሰባው መካከል ቆሜ አነበዋለሁ። «እናቴን የገደላት ይህ ቤት ነው» ብለህ ጀምር። እዚህ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ከእኔ በቀር አልተገኘም። እኔ ምራት ነኝ። አንተ ልጃቸው ነህ።

እግዚአብሔር ያጽናህ።

ባለቤትህ አፀደ