ፍንጭት ፍለጋ

ጥቅምት 3 ቀን 1950
ዛሬም ሙቀት። አንደኛ ክፍሎችን ፊደል ሳስቆጥር ዋልኩ። ላንቃዬ ላይ ያለው ብረት ምላሴን እየያዘው «ሰ» ስል አፏጫለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ!

ጣሊያናዊው የጥርስ ሐኪም ብረቱን ካስገባልኝ ሳምንቴ። በየሦስት ሳምንቱ ከአሥመራ በአውሮፕላን ይመጣል። ጠባብ ላንቃ ማስፋት ለሕፃን እንጂ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ያስቸግራል፣ አጥንቱ ገጥሟል አለ። ላንቃውን የሚያሰፋው የብረቱ ብሎን በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ይዙር፣ ካመመ ይቁም። ከተሳካ የፊት ጥርሶች መሀል ክፍተት ይወጣል... ኋላ እንዘጋዋለን አለ። ፍንጭት ተገኝቶ ይዘጋል እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጥቅምት 6
መስተዋት አየሁ። ክር የምታሳልፍ ክፍተት እንኳ የለም። ብረቱን በትንሿ መፍቻ የምታዞርልኝ ጎረቤቴ ሳፊያ ናት፣ የባለሱቁ የዓሊዪ ሚስት። «ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ይዙር ብሏል» አልኳት። ለምን ዋሸኋት? አላውቅም... አውቃለሁ እንጂ። ፍንጭት አማረኝ።

ጥቅምት 11
ድዴ አብጧል። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ሳፊያ መፍቻውን ከአፌ አወጣች።
«ወላሂ ፈራሁ። ይቅርብሽ።»
«ታዟል አልኩሽ እኮ!» ጮህኩባት።
«እሺ፣ አይዞሽ እህቴ» ብላ አዞረች።

ጥቅምት 14
የቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ይነቃነቃል። ፍንጭቱስ? የለም።

ጥቅምት 17
ሐኪሙ መጣ። ሳፊያም አብራኝ ሄደች። አፌን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። አጥንቱ ንቅንቅ አላለም፤ ጥርሶቼ ናቸው ወደ ውጭ የተጋደሙት። ብረቱን አወጣ። የሚነቃነቀውንም ጥርስ ነቀለው። ማን ነው እንዲህ ያዞረው? ሲል ሳፊያ ተነሣች።
«እኔ ነኝ። ሳልሳሳት አልቀርም።»
ዝም አልኩ። አፌ ጥጥ ሞልቶት ነበር... ራስ መነቅነቅ ግን ይቻል ነበር እኮ።

ጥቅምት 20
ሳፊያ አጥሚት ላከችልኝ። ራሷ አልመጣችም። «አፍራ ነው» አለኝ ዓሊዪ። እሷ ትፈር? አጥሚቱን ሳልቀምሰው ከደንኩት።

ጥቅምት 21
ሄድኩ። ጓሮ ሩዝ ስትለቅም አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። መልቀሟን አላቆመችም። ጨርሳ ቀና አለች።
«እኔኮ እያለቀስሽ ያዞርኩት፣ የታዘዘ ነው ብዬ ነው።»
አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
«ይቅር በዪኝ» አልኳት።
«አላህ ይቅር ይበልሽ» ብላ ሩዙን ይዛ ገባች።
እኔም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም።