ታደለ እና መረቡ

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ አዋሳ

ዛሬ በቀበሌው ስብሰባ ታደለ ሂስ ሰነዘረብኝ። ሥነ ልቡና ያስተማርሁት፣ ጡረታ ስወጣ ክፍሌን የተረከበው ታደለ።

በቀደም ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ስንገዛ፣ የአጥማጁን መረብ እያሳየሁት፣ «ስለ ሰው ጠባይ የሚነገር ንድፈ ሐሳብ ሁሉ እንደዚህ መረብ ነው፤ የቻለውን ይይዛል፣ ሐይቁን ግን አይጨርስም» ብዬው ነበር። «እውነትዎን ነው ጋሼ» ብሎ ሳቀ።

ዛሬ እጁን አወጣ። «ጓዶች፣ እኚህ ሰው ንድፈ ሐሳባችን ቀዳዳ መረብ ነው ይላሉ!»

«ይኸው ያዛቸዋ!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ። ለመጪው እሑድ ግለ ሂስ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ካልተቀበሉት የሚሆነውን አውቃለሁ።

ታደለ በር ላይ ጠበቀኝ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ እኔንም እየጠረጠሩኝ ነው።»

ሰውን በአንድ ድርጊት አትመዝኑ ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላውን ሥራውን ላስታውስ ተቀመጥሁ። የታመምሁ ጊዜ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። አሁን ያንንም እንደ ድሮው ላየው አልቻልሁም።